ባድማ ጠሪው ዘህደም

ዘህደም በዚህ በብርዱ ወራት ሞተ። ቀብሩ ላይ ሰባት ሰዎች ተገኘን፤ ከሰባቱም አንዱ መንገድ ሲያልፍ አይቶ የቆመ ግመል ነጂ ነበር። በጉልምስናው ጊዜ ኩፋ ከተማ ውስጥ ድምፁን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ዛሬ ግን ስሙ ሲነሳ ወጣቶቹ «ያ ጆሮው የተነካው ሰውዬ?» ይላሉ። ጆሮው አልተነካም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ለመናገር ግን ይህን ያህል ዘመን ፈጀብኝ።

ከየመን ተራሮች አብረን ነው የወረድነው። ከአንዱ ሸንተረር ወደ ሌላው ፍየል ሲጠራ ያደገ ሰው ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ አንገቱ አጭር። በፋርሶች ላይ በዘመትንበት ጊዜ የተበተነውን ጦር የሚሰበስበው እሱ ነበር። «ዘህደም ካስነጠሰ ፋርሶቹ ወንዙን ተሻግረው ይሸሻሉ» እያልን እናሾፍበት ነበር። እሱም ይስቃል። ሲስቅ ግን ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደሚገባ አይታወቅም፤ አፉን በእጁ ሸፍኖ፣ አፍሮ ነበር የሚስቀው።

ጦርነቱ አልቆ ኩፋ ስትቆረቆር ብዙ መሬት ያለ ባለቤት ቀረ። ባለቤቱ በጦርነት የሞተበት ወይም ከፋርሶቹ ንጉሥ ጋር ወደ ምሥራቅ የሸሸበት መሬት የሁላችን የዘማቾቹ የጋራ ሀብት ሆነ። ባለቤቱ በቦታው ካለና ግብሩን ከከፈለ ግን ማንም አይነካበትም፤ ውሉ እንዲህ ነበር። ስለዚህ አንድ እርሻ ባድማ ነው ከመባሉ በፊት መጠራት ነበረበት። ሦስት ጠዋት፣ ከንጋት ሰላት በኋላ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ጠሪው በእርሻው አራት ማዕዘን እየቆመ ባለቤቱን ይጠራል። ከመለሰ መሬቱ የእሱ ነው። ካልመለሰ ጠሪውና ምስክሩ መስጊዱ ደጅ መጥተው ይምላሉ፤ መሬቱም ይወሰዳል። ጠሪው ዘህደም ነበር፤ ምስክሩ እኔ፣ ሲማክ።

ሰባት ዓመት እንዲህ ኖርን። ሰው በሌለበት አገር ሰው መጥራት ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ የሠራው ያውቀዋል። ከጥሪው በኋላ ዝም ብለህ ትቆማለህ፤ እኔ መቶ እስትንፋስ እቆጥራለሁ። ጣሪያው የወደቀ ቤት ያየሃል፣ ያልተለቀመ ቴምር መሬት ላይ ይበሰብሳል፣ ማንም አይመጣም። ዘህደም በማይመልሱለት ሰዎች ቅር ይለው ነበር።

«ምናለ ቢመልሱ?» ይለኛል።

«ሞተዋላ! ሙት ይመልሳል እንዴ?»

«ቢሆንስ» ይላል። አንዴ ብቻ ከአንድ ፍርስራሽ ውስጥ ፍየል መለሰችለት፤ እሷን ስናወራ ዓመት ከረምን።

አሁን አንድ ጠባዩን ልንገራችሁ፤ መዘዙ ሁሉ ከዚያ ነው የመጣው። ዘጠኝ ዓመት ልጅ አጥቶ ከኖረ በኋላ ሚስቱ ሁባ ጁማናን ወለደችለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘህደም ብሎ የጠራው ሰው ምላሽ አያገኝም። «አቡ ጁማና በለኝ» ይላል፤ የጁማና አባት ማለቱ ነው። እኛ አረቦች ሁላችንም ትልቅ ሰው የምናከብረው በበኩር ልጁ ስም ጠርተን ነው። ዘህደም ግን ነገሩን ከአክብሮት አሳልፎ እምነት አደረገው። «ሰውን በገዛ ስሙ ብቻ መጥራት እኮ ውሻ መጥራት ነው» ይለኝ ነበር። «ልጁን አንስተህ ስትጠራው ግን ልቡ ነው የሚዞርልህ።» የባድማ ባለቤቶችንም በስማቸው መጥራት ትቶ፣ የበኩር ልጃቸውን ስም አስቀድሞ ከጎረቤት ይጠይቅ ጀመር። እኔም ደግ ነገር መስሎኝ ዝም አልኩ።

በዚያው ሰሞን፣ በሦስተኛው ኸሊፋ ዘመን፣ ኩፋ ለሁለት መሰንጠቅ ጀመረች። በአንድ ወገን ከመካ ታላላቅ ቤቶች የመጣው ሙሳፊዕ ነበር፤ በመካው አገር በሒጃዝ ያለውን ደረቅ መሬቱን ይሰጥና በምትኩ እዚህ ውሃ የጠገበ እርሻ ይቀበላል፤ ገዢውም ያጸድቅለታል። በሌላ ወገን የእኛው ሰው ቀቢሳ፤ ቁርኣንን በቃሉ የሚወርድ፣ በጦርነት ሁለት ጣቱን ያጣ። «ይህን መሬት በጦራችን ነው ያገኘነው» ይላል ጎደሎ እጁን ከፍ አድርጎ። «ያኔ ሙሳፊዕ የት ነበር? ሽቶ ሲሸጥ!» ሰው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ይቆጣል። ሰላምታ እንኳ በወገን ሆነ። ወንድሜ ከሙሳፊዕ መጋቢ ቴምር ገዛ ተብሎ ሦስት የሰፈራችን ሰዎች አኮረፉት።

የባባይ እርሻ ጉዳይ የመጣው በዚህ መሀል ነው።

ቤት ሐውራ ከኩፋ ወደ ረግረጉ የግማሽ ቀን መንገድ ናት። ጎርፉ ግድቧን ከሰበረበት ዓመት ወዲህ ባዶ ናት ተብሎ በመዝገብ ተጽፏል። ከመሬቷ ሁሉ ምርጡ ባባይ የሚባል የአንድ ናባጢ ነው፤ ናባጢ የምንለው የዚህን አገር ነባር ገበሬ ነው። ሙሳፊዕ እርሻው ባድማ ከተባለ በሒጃዝ መሬቱ ምትክ ሊወስደው ጠይቋል። ቀቢሳ ደግሞ ባድማ ከተባለ የሁላችን ሊያደርገው ምሏል። በምንም የማይስማሙት ሁለት ሰዎች ባባይ የለም በሚለው ብቻ ተስማሙ።

እኔና ዘህደም በአህያ ሄድን። ከቤት ሐውራ በፊት ባለችው መንደር አንዲት ሴት ደጇ ላይ ዓሣ ስታሰጣ አገኘን። ዘህደም በእነሱ ቋንቋ ጠየቃት፤ በሰባት ዓመት አጥርቶ ተምሮት ነበር።

«እናቴ፣ የባባይ የበኩር ልጁ ስም ማነው?»

«ምን ያደርግላችኋል?»

«ባባይን በክብር ልንጠራው ነው።»

እጇ ዓሣው ላይ እንዳለ ቀረ። «ዳዲሾ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ውሃ ዳር ግን...» ብላ ጀመረችና ወገቤ ላይ ያለውን ሰይፍ አየች። ቅርጫቷን አንስታ ገባች፤ ከውስጥ የበሩ መወርወሪያ ሲገባ ሰማን።

«አፍራ ነው» አለ ዘህደም።

በመጀመሪያው ጠዋት ቦዩ ላይ ጉም ተኝቶ ነበር፤ እንቁራሪቶቹ ጆሮ ያደነቁራሉ። ዘህደም እጆቹን ጉንጮቹ ላይ አድርጎ ጠራ። «አቡ ዳዲሾ! የዳዲሾ አባት ሆይ! ና እርሻህን ተረከብ!» እንቁራሪቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ሁልጊዜም ይደነግጣሉ፣ ትንሽ ቆይተው ይጀምራሉ። ያን ቀን መቶ እስትንፋስ ቆጥሬ ጨርሼ፣ ሁለተኛው ማዕዘን፣ ሦስተኛውም ተጠርቶ፣ አልጀመሩም።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን እርሻው ነው። ሰሊጡ ታርሟል። ቦዩ ውስጥ ያለው ጭቃ ትኩስ የዶማ ምልክት አለበት።

«ባድማ ሲታረም አይቼ አላውቅም» አልኩት።

«ጎረቤት ይሆናላ።»

«የቱ ጎረቤት?» በዙሪያችን ጣሪያ ያለው ቤት አልነበረም። ዘህደም አህያውን ሊፈታ ሄደ።

በሁለተኛው ጠዋት ስንመጣ ውሃው ወደ ሌላኛው ትልም ተቀይሮ አገኘን። ሰው የለም። የጭስ ሽታ ነበር፣ ጭስ ግን አይታይም። ዘህደም ጠራ፤ እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ፤ እኔም ቆጠርኩ። እውነቱን ለመናገር መቶ አልሞላሁም፤ ሰባ ላይ ስደርስ «በቃ እንሂድ» አልኩት።

በሦስተኛው ጠዋት አራተኛው ማዕዘን ላይ ደረስን፤ የተሰበረው ግድብ ያለበት፣ ውሃው ተኝቶ ሸንበቆ የወረሰው ቦታ ነው። ዘህደም ለመጨረሻ ጊዜ ጠራ። «የዳዲሾ አባት ሆይ!» አርባ እስትንፋስ ያህል ስቆጥር ከሸንበቆው ውስጥ መልስ መጣ።

«እዚህ ነኝ፣ አባቴ።»

የሰው ድምፅ ነው፤ የሙሉ ሰው። ቅርብ ነው፣ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስበት። ነገር ግን አፉ ውሃ እንደያዘ ሰው ነው የሚናገረው። ሸንበቆው አልተነቃነቀም። ውሃው ላይ አንዲት ክብ እንኳ አልታየችም። የእጄ ፀጉር ሲቆም እጅጌዬን ስቤ ሸፈንኩት።

«የረግረግ ወፍ ናት» አልኩ፣ ዘህደም ገና ምንም ሳይጠይቀኝ። «በዚህ ወራት እንዲህ ትጮኻለች።»

«ወፍ ‘አባቴ’ ትላለች እንዴ?» አለና ልብሱን ሰብስቦ ወደ ድምፁ ሄደ። ብቻዬን መቅረቱን ፈርቼ ተከተልኩት።

ከግድቡ ጀርባ የሸንበቆ ጎጆ አለ፤ ከእርሻው በኩል አይታይም። ውስጧ አንድ ሽማግሌ ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ ተቀምጧል፤ ሁለቱንም ጆሮዎቹን በጭቃ ደፍኗቸዋል። ዘህደም ትከሻውን ሲነካው ጮኾ ተነሳ። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነበር፤ የሁለታችንን ጥላ መሬት ላይ አየ፣ ሙታን አለመሆናችን ገብቶት ትንሽ ተረጋጋ፣ ከአንድ ጆሮው ጭቃውን አወጣ። አንገቱ ላይ ግብር ለከፈለ የሚታሰረው የእርሳስ ማኅተም ተንጠልጥሏል።

«ግብር ነው? ከፍያለሁ። ይኸው» አለ ማኅተሙን እያሳየ።

«አባቴ፣ ስምዎ ማነው?» አለ ዘህደም።

«የሻቡር ልጅ ባባይ።»

ዘህደም መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። «ሦስት ቀን ሙሉ ስጠራዎት አልነበረም እንዴ!»

«እኔን? እኔን የጠራኝ የለም። ሦስት ጠዋት ሙሉ የሚጠራው ልጄ ነው።» ሽማግሌው እንደ መቆጣት አለ። «በእኛ ዘንድ ሰው የአባቱ ልጅ ነው እንጂ በልጁ አይጠራም። ዳዲሾ ግድቡን ሲደፍን ውሃ ወሰደው። አሥር ቀን ፈለግን፣ አስከሬኑ አልተገኘም። አስከሬኑ ያልተገኘ ሰው ስሙ ውሃ ዳር አይነሳም፤ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ከተጠራ ይመልሳላ። መልሱን የሰማ ዘመድ ደግሞ አይቀርም፣ ወደ ውሃው ይሄዳል። እናንተ ግን በዚያ ድምፅ! ባባይ ብላችሁኝ ቢሆን እየሮጥኩ ነበር የምመጣው።»

ዘህደም የሽማግሌውን እጅ ይዞ አለቀሰ። «አከበርኩ ብዬ ነው፣ አባቴ። ይማሩኝ፤ እኔ ደንቆሮ ነኝ።» ባባይ ግን ልቅሶውን አልሰማውም። ዓይኑ ሌላ ቦታ ነበር።

«ልጄ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «መለሰ እንዴ?»

የዘህደምን እግር ረገጥኩት። አጥብቄ ነው የረገጥኩት። ነገር ግን ይህ ሰው በሕይወቱ ሲዋሽ አልሰማሁም፤ እንዴት እንደሚዋሽም የሚያውቅ አይመስለኝም።

«መለሰ፣ አባቴ።»

«ምን አለ?»

«‘እዚህ ነኝ፣ አባቴ’ አለ።»

ባባይ ከሁለተኛው ጆሮው ጭቃውን አወጣና መዳፉ ላይ አስቀመጠው። «ድምፁ ደኅና ነው?» አለ።

ዘህደም ምን ይበል? «ደኅና ነው» አለ።

ጉዳዩን አስረዳነው፦ ዛሬውኑ ከእኛ ጋር ኩፋ መጥቶ ነገ መስጊዱ ደጅ መታየት አለበት፤ አለዚያ መሬቱ ይሄዳል። በደንብ ገብቶታል። «ዛሬ የውሃ ተራዬ ነው» አለ። «ሰሊጡን ሳላጠጣ አልሄድም። ነገ ጠዋት እመጣለሁ።» እኔ አህያው ላይ ጭነን እንውሰደው ብዬ ነበር። ዘህደም ግን «ሦስት ቀን ያሠቃየነው ይበቃዋል፤ ገበሬን ከውሃ ተራው አትለየውም» አለኝ። አንጀቴን ከሚበሉኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ያን ቀን ልክ የነበርኩት እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ መስጊዱ ደጅ በሁለት ወገን ሰው ተሞላ። ባባይ እስከ ቀትር አልመጣም። የመሬቱ ሹም ዘህደምን «ማል» ሲለው ተነስቶ ቆመ።

«አልምልም። ባባይ በሕይወት አለ፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ እጁንም ይዣለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በማይጠራበት ስም ነው የጠራሁት።»

ቀቢሳ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «አቡ ጁማና፣ አንተ ከማን ጋር ነህ?»

«ከባባይ ጋር።»

ሁለቱም ወገን ሳቀ። የሙሳፊዕ መጋቢ ጢሙን እያሻሸ «ታዲያ የት አለ ባባይህ? ኪስህ ውስጥ ነው?» አለ። እንደገና ተሳቀ። ሹሙ ሰው መፍራት የሚያበዛ ቢሆንም ያን ቀን ደኅና ፈረደ፦ ከሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት ሰው ይሂድ፣ ዘህደም ሽማግሌውን በገዛ ስሙ ሦስት ጠዋት ይጥራው፣ ከመለሰ መሬቱ የእሱ ነው።

ስንበተን ቀቢሳ ክንዴን ይዞ ወደ ግድግዳው ወሰደኝ። «ሲማክ ወንድሜ፣ አንተ የእኛ ነህ። ብትሰማም አልሰማህም። ያ እርሻ ከመጣ ድርሻህ አለ። ከጎደልክ ግን ስምህን ከደሞዝ መዝገቡ አውጥቶ የሚጥል አይጠፋም።» እኔም «አላህ ካለ» አልኩት። ሰው አላህን ለስንት ነገር ይጠቀምበታል።

ቤት ሐውራ ስንደርስ ሰሊጡ እስከ ዳር ጠጥቷል። ዶማው ታጥቦ ጎጆዋ ላይ ተደግፏል። ማኅተሙ ገመዱ ሳይቆረጥ ተፈትቶ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፤ ደፉ ላይ ሁለት የጭቃ ድብልብሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከደፉ ጀምሮ የባዶ እግር ዱካ በእርጥቡ መሬት ላይ ወደ ውሃው ይወርዳል። አካሄዱ የቸኮለ ሰው አካሄድ አይደለም። የሚመለስ ዱካ ፈለግን፤ የለም። በመንገድ ሁሉ ሲሰዳደቡ የመጡት ስድስት ሰዎች ከውሃው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

ዘህደም ዱካውን አይቶ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ቢሆንም ጠራ። «ባባይ! የሻቡር ልጅ ባባይ! ና እርሻህን ተረከብ!» አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ዝም። ሦስተኛው ቀን፣ አራተኛው ማዕዘን ላይ፣ ድምፁ ተሰነጠቀ፤ ድምፁ ሲሰነጠቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ቁጥር ጀመርኩ። ከሸንበቆው ውስጥ መለሱ።

«እዚህ ነን።»

ሁለት ነበሩ። አንዱ ያ የቀድሞው ነው። ሁለተኛው የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ገና ውሃው ያልለመደው፣ ቃሉ መሀል ላይ የሚቆራረጥ። ከሙሳፊዕ ሰዎች አንዱ በጉልበቱ ወደቀ። ከእኛ አንዱ የቁርኣን አንቀጽ መቅራት ጀመረና መሀሉ ጠፋው። ከዚያ ስምንታችንም ቆምን፤ ማንም የማንንም ፊት አላየም። ወደ ኩፋ ስንመለስ ስለ ቴምር ዋጋ ነበር የምናወራው።

መስጊዱ ደጅ ሹሙ አንድ በአንድ ጠየቀ። የሙሳፊዕ ሦስቱ አልሰማንም ብለው ማሉ። የቀቢሳ ሦስቱም አልሰማንም ብለው ማሉ። እነዚያ ሁለት ወገኖች እንደዚያ ቀን አንድ ሆነው አያውቁም፤ ከዚያም ወዲህ አልሆኑም።

«አንተስ?» አለ ሹሙ ዘህደምን።

«ሰምቻለሁ። ሁለት ናቸው። ‘እዚህ ነን’ አሉ። መሬቱ ባለቤት አለው።»

ሰዉ አጉረመረመ፤ አንድ ሁለቱ ሳቁ። ሹሙ ወደ እኔ ዞረ። «ሲማክ፣ አንተ የልጅነት ባልንጀራው ነህ። ምን ሰማህ?»

ዘህደም አየኝ። አልለመነኝም፤ ልመና አልነበረም ዓይኑ ላይ። እናገራለሁ ብሎ እርግጠኛ ነበር።

«የረግረግ ወፍ ናት» አልኩ። ይህ በቂ ነበር፤ ቀቢሳም ከዚህ በላይ አልጠየቀኝም። እኔ ግን ከራሴ ጨመርኩበት። «ወንድሜ እንዲህ የሚለው በክፋት አይደለም። ሰባት ዓመት ለባዶ መሬት ሲጮኽ ጆሮው ተነክቷል።»

መሬቱ ባድማ ተባለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የሙሳፊዕ ሰዎች ወሰን ተከሉ፤ የቀቢሳ ሰዎች ነቀሉ። በሳምንቱ ማንም ባላጨደው ሰሊጥ ላይ አራት ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ በኩፋ የተነሳውን የእርስ በርስ ጦርነት፣ ከኩፋም አልፎ የሄደውን፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በመጨረሻ እርሻው ለሁለት ሲከፈል ለእኔ ከግድቡ ራቅ ያለው ቁራሽ ደረሰኝ። ጠዋት ጠዋት እዚያ አልሄድም፤ የምልከው ሠራተኛ ነው።

የዘህደም ስም ከመዝገቡ ወጣ። ጠሪነቱንም ተነጠቀ፤ የተነካ ጆሮ ያለው ጠሪ ማን ይፈልጋል? ገበያ ዳር ተቀምጦ የቴምር ቃጫ ገመድ ይገምድ ጀመር። ጁማናን ገና በሕፃንነቷ ለልጆቻቸው የጠየቋት ሁለት ቤተሰቦች ነገሩን ሲሰሙ ተመለሱ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ዘህደምም ይህን ያምን ነበር መሰለኝ፤ ዓመት ሙሉ ማንንም ሳይከስ፣ ቃሉንም ሳያጥፍ ጠበቀ።

በዓመቱ፣ በጾም ፍቺው ዕለት፣ ቤቴ መጣ። ከዚያ ወዲህ ደጄን ረግጦ አያውቅም ነበር። ሚስቴ ትኩስ እንጀራችንን፣ የገብሱን፣ ከሰሊጥ ዘይት ጋር አቀረበችልን። ዘይቱ ከዚያው እርሻ ነበር። ዘህደም አልጀመረም፤ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ክሰቱ በጣም አስደነገጠኝ።

«አቡ ሃኒ፣» አለኝ፣ እንደ ወጉ በልጄ ስም፣ «ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።»

«አንተ? እኔን?»

«ከልጅነታችን ጀምሮ ዋሽተኸኝ አታውቅም። ወፍ ናት ካልክ ወፍ ናት። ስምንት ሰው ቆሞ ሰባቱ ካልሰማ፣ ያልሰማሁትን የሰማሁት እኔ ነኝ። እኔ ግን በልቤ ሐሰተኛ ብዬህ ነበር። ሁባ ፊት ስንት ጊዜ ረገምኩህ።» ትንፋሹን ሰበሰበ። ያ ኩፋን የሚሞላ ድምፅ ከምንጣፉ አያልፍም ነበር። «ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ይህ ነው። ለዚያ ሽማግሌ ልጅህ መለሰ ያልኩት እኔ ነኝ። ጭቃውን ከጆሮው ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ወፍ ከነበረች፣ ሲማክ፣ ያን ሰው በወፍ ጩኸት ውሃ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ጁምዓ መስጊዱ ደጅ ቆሜ ‘ተሳስቼ ነበር፣ አልሰማሁም’ ብያለሁ። የቀረኸኝ አንተ ነህ።»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ሁለት ነበሩ ብዬ ብነግረው ይበቃው ነበር፤ እዚያው ምንጣፉ ላይ፣ ከሚስቴ በቀር ማንም በማይሰማበት። መሬቱን ማንም አይወስድብኝም ነበር፤ ነገሩ አልፏል፣ የሚከሰኝም የለም። አፌን ከፍቼ ነበር። ከፊቴ ዘይቱ አለ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት። አላህ ይስጥልኝ ብሎ እጄን ሳመኝና እንጀራውን ቆረሰ።